የአላቁዩ አደራ

ጥር 12

ዛሬ ሥራ ተመለስሁ። ልጄ ረሻድ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። የአረጋውያን ረዳት የሚቀጥረው ኤጀንሲ ዝግጁ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዝግጁ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም። ቤት ስቀመጥ ግን የሰው ፊት አስጠላኝ። የሚመጡት ሁሉ ምግብ ይዘው ይመጣሉ፤ ሳህኑን ካስቀመጡ በኋላ ዓይናቸው ወደ እሱ ክፍል በር ይሄዳል። በሩ ላይ ምን ተጽፎ እንደሚያነቡ እንጃ።

ይህን ደብተር ልጄ ቱባ ናት የገዛችልኝ። ጻፊ እማ፣ ይቀልልሻል አለች። ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት፣ እጄ ቀርፋፋ ነው። እስካሁን የቀለለኝ ነገር የለም።

የተመደብሁላት አሮጊት ክናሪክ ትባላለች። አርመን ናት። ሴንት ፖል ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ወረድ ብሎ ባለ የአረጋውያን ሕንፃ ብቻዋን ትኖራለች። እግሯ አብጧል፣ ኩላሊቷ ደክሟል። ልጇ ሩቤን ከሥራ ሲወጣ ብቅ ይላል። እንግሊዝኛዋ እንደ እኔው የተሰባበረ ስለሆነ ቶሎ ተግባባን። ገና ኮቴን ሳላወልቅ "ዘይና ጃን" አለችኝ። ጃን በእነሱ ሆዴ፣ ዓለሜ እንደ ማለት ነው። ለማያውቁት ሰው እንዲህ ማለት ደስ አይለኝም።

ጥር 14

ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት፣ ሾርባ። ሾርባዋ የከብት እግር ነው። ሽታው ሻርፔ ላይ ቀረ፣ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ኀዘንተኛ ምግብ ይጸየፋል ይባላል። እኔ የምጸየፈው ምግቡን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ጥር 19

ሚድዌይ፣ ሐላል ሥጋ ቤት ገባሁ። ከመደርደሪያው ወዲያ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንዷን በድምጿ አወቅኋት፤ በለቅሶው ቀን እንባዋ ከእኔ በልጦ ነበር። ልቡ ነው አሉ አለች። ሁለተኛዋ "በሃያ ሦስት ዓመቱ? ነዳጅ ማደያ ፓርኪንግ ውስጥ የሚቆም ልብ ምን ዓይነት ነው?" አለችና ሳቀች።

ሥጋውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ልቡ ነው። ሰው ሁሉ ልቡ ሲቆም አይደል የሚሞተው። በተናገርሁት ውስጥ ውሸት የለበትም።

ጥር 27

ክናሪክ ፀጉሯን እያበጠርሁላት ስለ መንደሯ ነገረችኝ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ ስለዚህ ሳልረሳው እጽፈዋለሁ።

የተወለደችው አዘርባጃን አገር ውስጥ ባለ የአርመኖች መንደር ነው። የሶቪየት መንግሥት ሊፈርስ ሲል ሰው በሰው ላይ ተነሳ። እነሱ እዚያ መቆየት አልቻሉም። በወዲያኛው ወገን፣ አርመንያ ውስጥ፣ አላቁዩ የሚባል የአዘሪዎች፣ የአዘርባጃን ሙስሊሞች፣ መንደር ነበር፤ እነሱም መቆየት አልቻሉም። የሁለቱ መንደሮች ሽማግሌዎች ደም ሳይፈስ ተገናኙና መንደር ተለዋወጡ። ቤት በቤት፣ ምድጃ በምድጃ። ሰው በሬ ይለዋወጣል፤ መንደር እንዴት ይለዋወጣል?

"ሁሉን ጫንን" አለችኝ፤ "አልጋ፣ ምንጣፍ፣ ድመት ሳይቀር። ሙታን ግን አይጫኑም።"

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ዳቦና ጨው መሐላቸው አስቀምጠው ማሉ። የእኛን ሙታን እናንተ ጠብቁ፣ የእናንተን እኛ እንጠብቃለን ተባባሉ። ክናሪክ አኑሽ የምትባል ትንሽ ልጇን እዚያ አፈር ውስጥ ትታ ወጣች። አላቁዩ ስትደርስ የተሰጣት ቤት የጉልዛር ነበር። ጉልዛርም ከትራክተር ወድቆ የሞተ ልጇን፣ ኤልማንን፣ ትታ ልትሄድ ነው። ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ቁልፍ ሲቀባበሉ ልጄን አደራ ተባባሉ። አደራ የሚለውን እኔ ነኝ የጻፍሁት። እሷ ያለችውን በእኛ ቋንቋ ሌላ የሚመልሰው የለም።

አዘሪዎች ከኑሩዝ፣ ከአዲስ ዓመታቸው በዓል፣ በፊት ባለው ማክሰኞ መቃብር ይጎበኛሉ። በዚያ ቀን በየዓመቱ አንዷ የሌላዋን ልጅ ድንጋይ ታጥባለች። ድሮ በጆርጂያ በኩል በሚያልፍ ሰው ይላላኩ ነበር፣ አሁን በስልክ ይተያያሉ። አገሮቻቸው ሲዋጉ እንኳ አልተቋረጠም። ክናሪክ ወደዚህ ስትመጣ አደራውን ለወንድሟ ልጅ ለሳምቬል ሰጠች። እሱ ቪዲዮ ይልካል፣ እሷ ለጉልዛር ታሳያለች።

መንደሩ ዛሬ አላቁዩ አይባልም። መጀመሪያ በአንድ የሶቪየት ሹም ስም ተጠራ፤ አሁን ቫርዳጁር ነው፣ የጽጌረዳ ውሃ ማለት። ከአዘሪዎቹ በፊትም የሩሲያ ገበሬዎች ኖረውበት ነበር። ኮረብታው ላይ የሦስት ሕዝብ መቃብር አለ አለችኝ። ጽጌረዳስ አለ ወይ ብላት ሳቀች። ፍየል ነው ያለው አለች።

የእኛም ቀበሌ ወሎ ውስጥ ስሙ ሁለቴ ተቀይሯል። ወንድሜ ሲደውል ታፔላው አዲስ ቀለም ተቀባ ይለኛል። የማን ቤት ባዶ እንደቀረ ግን አይነግረኝም፤ እኔም አልጠይቀውም።

የካቲት 3

መኪናው በብርድ እምቢ አለኝ። ቱባ አደረሰችኝና ሙቀት ፍለጋ ወደ ክናሪክ ቤት ወጣች። እኔ ልብስ ለማጠብ ምድር ቤት ወረድሁ። ስመለስ ክናሪክ የቱባን እጅ በሁለት እጇ ይዛለች። የቱባ ዓይን ቀልቷል።

መኪና ውስጥ ምን አወራችሁ አልኋት። ምንም አለች፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። ቆየት ብላ፣ ሌክ ስትሪት አጠገብ ያለው መስጊድ ለእናቶች የሚናገር ወጣት ይፈልጋል፣ እኔ ልናገር አለችኝ። ስለ ምን አልኋት። ታውቂያለሽ አለች። አላውቅም አልኋትና ራዲዮኑን ከፈትሁ።

የካቲት 9

ሩቤን ዛሬ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ኢንሹራንስ ሻጭ ነው፣ ለአርመን ማኅበራቸው የመንደሩን ታሪክ ይጽፋል። እናቱን እየጠየቀ ይመታል። እሷ አላቁዩ ባለች ቁጥር እጁን ከፊደሎቹ ላይ ያነሳል።

"ማማ፣ ቫርዳጁር በይ። ሁልጊዜም ቫርዳጁር ነበር።"

"ሁልጊዜ የምትለው ከመቼ ወዲህ ነው? እኔ ስገባ የጉልዛር ምድጃ ገና አልበረደም ነበር።"

ወደ እኔ ዞሮ እርጅና ነው አለና ሳቀ። እኔም ፈገግ ያልሁ ይመስለኛል። በደመወዝ የሚያድር ሰው ፊቱ ሳያስበው ይታዘዛል። በሩን ዘግቶ ሲወጣ እሱን ተጸየፍሁት፣ ያንን ፈገግታዬን ደግሞ ከእሱ አስበልጬ።

የካቲት 17

ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አየችና ልጅሽ ነው አለች። ሞተ አልኋት። አዝናለሁ አላለችም፣ በምን ሞተ ብላም አልጠየቀችም። መዳፏን ዘርግታ ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። ለሙታን የምንቀራውን ፋቲሓ እስከ መጨረሻው ቀራች። አሚን አለችና ደግሞ አማተበች።

መጀመሪያ ተናደድሁ። ከማን ተማርሽ አልኋት። ከጉልዛር ነው፣ በዚያው በቁልፉ ቀን፣ በሩ ላይ ቆመው። ጉልዛር ልጄ ድንጋዩ ላይ የሚያውቀውን ቃል ይስማ ብላ አስጠናቻት። እሷ ደግሞ ጉልዛርን ለአኑሽ ሻማ እንዴት እንደሚበራ አሳየቻት።

አቀራሯ ጠማማ ነው፣ አንድ ቦታ ትዘላለች። ላርማት አፌን ከፈትሁና ተውሁት።

እኔ በልጄ መቃብር ላይ ገና አልቆምሁም። በቀብሩ ቀን ሴቶቹ ቤት ቀረን። ከዚያ ወዲህ በረዶ ነው፣ መንገዱ አይመችም እላለሁ። ወደ ሥራ ስሄድ መንገዱ ይመቻል።

የካቲት 22

የረመዳን መጀመሪያ።

ሩቤን ወጥ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣና የእናቱን ስልክ ሰጠኝ። ሳምቬል ተሳስቶ ፎቶ ልኳል፣ ማማ ሳታየው አጥፊው አለ። እሱ መነጽሩን መኪና ውስጥ ረስቶታል።

ከፍቼ አየሁት። አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ በረት ነው። ጥጆች አሉበት። ሳምቬል በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። ከእግሩ ሥር ያለው ደፍ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ድንጋዩ ላይ የሰው ፊት አለ። እነዚያ ሰዎች በመቃብር ድንጋይ ላይ የሟቹን መልክ ይቀርጻሉ። ወጣት ነው፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ ተበጥሯል። የሳምቬል ቡትስ አገጩ ላይ ነው። በአፍንጫው ቦይ ውስጥ እበት ገብቷል።

ይህ ኤልማን ነው ወይ አልሁት። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ እርጎ እየፈለገ መለሰልኝ። ቦታው ለከብት ይመቻል አለ። እዚያ አሁን ከእነሱ ወገን ማን አለ፣ ማን ይጎዳል አለ። ታዲያ በየዓመቱ የሚላከው ቪዲዮስ? ድሮ የተነሳ ነው፣ ያንኑ ከተለያየ ቦታ እየቆረጡ ይልካሉ።

"እናቴ ደስ ብሏት ትሙት። አንቺ ስልኩን መያዝ ብቻ ነው ያለብሽ" አለኝና እርጎውን ቆሞ በላ።

ፎቶውን ወደ ራሴ ስልክ ላክሁት፣ ከዚያ ከእሷ ላይ አጠፋሁ። ለምን እንደላክሁት አላውቅም። ጾም በምንፈታበት በአፍጥር ሰዓት ቴምሩን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥሁት። ያ ቡትስ።

የካቲት 24

ጎረቤቴ ሲምቦ አፍጥር ይዛልኝ መጣች። እሷ ክርስቲያን ናት፣ ከወለጋ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለምትነዳ ከሰው ጋር ስታወራም ኋላ ወንበር ላይ ላለ ልጅ የምትጮህ ትመስላለች። ነገርኋት።

"አንቺ ሴትዮ፣ በሰው አገር ሬሳ ምን ጥልቅ አደረገሽ?"

እናት ናት አልኋት።

"እናት ከሆነች ተዪያታ። ላሞቹን እያሰብሁ ከምሞት ውሸቴን ታቅፌ ብሞት ይሻለኛል። ደግሞ ያችኛዋ ብትሰማስ? የዚህችን ልጅ ድንጋይ ነቅላ ውሻ ታስርበታለች። እኔ ብሆን አስርበታለሁ።"

የፈራሁት ይህንኑ ነው። ለክናሪክ ብነግራት ዝም የምትል ሴት አይደለችም፣ ለጉልዛር ትናገራለች። ያኔ ያቺ ትንሽ ልጅ እዚያ ብቻዋን ናት፣ የሚያዝንላት የለም። ካልተናገርሁ ደግሞ ወጣቱ እንደተረገጠ ይቀራል፣ እናቱም ረጋጮቹን ስትመርቅ ትኖራለች።

ሲምቦ ስትወጣ፣ ሰው የራሱን ሳይናገር የሰው ሊናገር ብላ ጀመረችና ተወችው። ምን ልትል እንደነበር አልጠየቅኋትም።

መጋቢት 2

ጾም። ድካም። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ጠቁሯል። ከሥሩ ያለፈው ዓመት ቆሻሻ ሁሉ ይወጣል፣ ጓንት፣ ኩባያ፣ የውሻ ነገር። ሰው እሰይ በጋ መጣ ይላል።

መጋቢት 9

ማክሰኞው ደረሰ። ክናሪክ ሰማያዊ ቀሚሷን አልብሺኝ አለች። እዚህ ጠዋት ነው፣ እዚያ መሽቷል። ስልኩን ያዝሁላት።

ጉልዛር ነጭ ሻርፕ ያደረገች፣ ጥርስ የሌላት ሴት ናት። አጠገቧ የልጅ ልጇ ናርጊዝ አለች፣ እንግሊዝኛ ትችላለች። መጀመሪያ እነሱ ቀን የቀረጹትን አሳዩን። የአኑሽ ድንጋይ ትንሽ ነው፣ የጉልበት ያህል። ናርጊዝ በብሩሽ ስታሸው፣ ውሃው ሲወርድ፣ ከዚያ በጠርሙስ ውስጥ ሻማ ሲበራ ይታያል። ሻማው እንቢ ሲላት ጉልዛር ከኋላ ትቆጣታለች። ክናሪክ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ በእነሱ ቋንቋ ትቀልዳለች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። ቪዲዮውን ከፈትሁ። ጥቁሩ ድንጋይ ቆሟል፣ ንጹሕ ነው፣ እግሩ ሥር ሣር አለ። ጉልዛር ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋችና በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ ጣቷን ሳመች። ናርጊዝ ተረጎመችልን፤ አያቴ ፀጉሩ እንዴት ያምራል ትላለች፣ የክናሪክ እጅ አይድረቅ ትላለች፣ ስልኩን የያዘችውንም ሴት አላህ ልጆቿን ይጠብቅላት ትላለች።

አሚን አልሁ።

ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን ቀጥ አድርጌ ያዝሁ። የቀፈፈኝ እሱ ነው።

መጋቢት 11

ነገርኋት። ፎቶውን አሳየኋት።

ስልኩን ዓይኗ ድረስ አስጠጋች። በእጅጌዋ ጫፍ መስተዋቱን ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። ያንን ቡትስ ልታስለቅቅ የምትሞክር ይመስል ነበር። ያን ፊት ወደዚህ እስክትመጣ ድረስ በገዛ እጇ ስታጥበው ኖራለች።

ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ አለችኝ። ከጾሙ መጀመሪያ አልሁ።

"እያወቅሽ ማክሰኞ ስልኩን ያዝሽ።"

"ያዝሁ።"

ከዚያ ጃን የሚለውን ትታ ተናገረችኝ።

"አንቺ የሰው መቃብር ትከፍቻለሽ። የራስሽ ልጅ በምን እንደሞተ ለማን ተናግረሻል? ቱባ ነግራኛለች። መኪናው ውስጥ ምን እንዳገኙ ሳይቀር ነግራኛለች።"

ከዚያ በኋላ ያለችኝን አልጽፍም። ሌላ ሰው ይምጣልኝ አለች። ኮቴን በደረጃው ላይ ነው የለበስሁት።

መጋቢት 12

ቱባን አላናገርኋትም። እሷም አላናገረችኝም።

ልቡ ነው። ልቡ ነው።

መጋቢት 15

ኤጀንሲው ሌላ ሰው የለንም፣ እሷም አንቺኑ ብላለች፣ ተመለሽ አለ። ተመለስሁ። ክናሪክ ራሷ ልብስ ለብሳ ጠበቀችኝ። ጥቁር። ቁልፎቹን አዛብታ ቆልፋቸዋለች። ላስተካክል ብዬ ስጠጋ እጄን መለሰችውና ደውዪልኝ አለች።

ልጅሽን ልታጪያት ትችያለሽ፣ ማሰብ አለብሽ አልኋት። እሱን ካሰብሁ አልናገርም አለች።

"ሳምቬል ለከብቱ ነው የሠራው። የማልሁት እኔ ነኝ። አደራውን የበላሁ እኔ ነኝ።"

ጉልዛር ብቅ ስትል ገና ፈገግ እያለች ነበር። ክናሪክ አላለቀሰችም። በእነሱ ቋንቋ ቀስ ብላ ተናገረች፤ የገባኝ ኤልማን የሚለው ብቻ ነው። ከዚያ የእኔን ስልክ ተቀብላ ፎቶውን ወደ ሌላኛው ስልክ አዞረችው። ክንዷ እስኪዝል ያዘችው። ጉልዛር አየችው። ናርጊዝ አፏን በእጇ ከደነች። ጉልዛር አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፣ መስተዋቱም ጨለመ።

ምን አለች አልኋት።

"ልጄን ረገጣችሁት አለች።" ክናሪክ ጉልበቷን እያሸች ቆየች። "እነሱ አላለችም። ከእነሱ ጋር ቆጠረችኝ።"

መጋቢት 18

ክናሪክ ለሳምቬል ደውላ ጮኸችበት። ሌላ ፎቶ ላከ። ድንጋዩን ከደፉ ላይ አንስቶ ከበረቱ ግድግዳ ጋር አስደግፎታል። ሳያጥበው። ከሥሩ የነበረው ልጅ ግን ያው ጥጆቹ ሥር ነው። እንግዲህ ምን ይሁን፣ በረቱን ላፍርሰው ወይ አላት አሉ። አፍርሰው አለችው። ስልኩን ዘጋው።

ከጉልዛር ቤት ምንም የለም። ናርጊዝ እንኳ መልእክቱን አታይም።

መጋቢት 21

ዒድ። አዳራሹ ሙሉ ነው። ሰው ሁሉ ይተቃቀፋል፣ ሽቶው ያፍናል። ያቺ የሥጋ ቤቷ ሴት አቅፋኝ አላህ ሰብሩንና ጽናቱን ይስጥሽ አለች። ጀርባዋ ላይ እጄን አሳረፍሁ፣ እንደ እንጨት።

ከሰዓት ሩቤን ደወለ። እየጮኸ ነው። አንዲት ረዳት ገብታ የቤተሰብ ነገር ታበላሻለች አለ፣ ለኤጀንሲሽ እከስሻለሁ አለ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። አኑሽ እህቴ ናት አለ። ያቺ ሴት ድንጋዩን ነቅላ ብትጥለው እህቴ የነበረች መሆኗን የሚያውቅ የት አለ አለኝ።

እስከ ዛሬ የእናቱ ልጅ እንጂ የእሱ እህት መሆኗን አላሰብሁትም ነበር። እሱም እውነት አለው። የሚያስጠላው ይህ ነው። ጥርት አድርጌ የምጠላው ሰው አጣሁ።

መጋቢት 24

መልሱ መጣ። ሩቤን ነበር፣ ከሥራ ቀርቶ ከእናቱ ጋር ተቀምጧል። ሦስት ሆነን አየነው።

ቪዲዮ ነው። የጉልዛር ፊት የለበትም። የአኑሽ ድንጋይ ብቻ ነው ያለው፣ ከዝናብ በኋላ፣ እርጥብ። አንድ የአሮጊት እጅ የተጣበቀበትን ቅጠል ይለቅማል። ከኋላ ናርጊዝ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፦

"አያቴ እንዲህ ትላለች። ይህች ልጅ ምንም አልበደለችኝም። እኔ እስካለሁ ድንጋይዋ ይታጠባል። ከእኔ በኋላ ናርጊዝ ታጥባዋለች፣ አስምያታለሁ። አንቺ ግን ከእንግዲህ አትደውዪልኝ። ፊትሽን ማየት አልፈልግም።"

አለቀ። ሩቤን እጁን አጨበጨበ። ድንጋዩ አለ አለ፣ አየሽ ማማ፣ ምንም አልሆነም፣ ምንም አለ። እውነት ለመናገር እኔም ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ የክናሪክን ፊት አየሁ። ስልኩን ሰጠችኝና ቪዲዮውን አጥፊው አለች። ልጅሽን ሁለተኛ አታዪያትም ወይ አልኋት። ጉልዛር የልጇን አይታለች ወይ አለች።

ከዚያ ለሩቤን በአርመንኛ ረጋ ብላ ተናገረችው። አጭር ነው። እሱ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ፣ ኮቱን በእጁ እንደያዘ ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም፤ እኔ ዘጋሁት።

"ምን አልሽው?"

"ስሞት ቫርዳጁር እንዳትወስደኝ አልሁት። ትኬቱንም ቦታውንም አዘጋጅቶ ነበር። እዚያ ኮረብታ ላይ የምተኛበት አፈር የለኝም።"

"ታዲያ የት?"

በመስኮቱ ፓርኪንጉን፣ ከወዲያም ባቡሩን አየች። "እዚሁ" አለች፤ "እዚህ ማንንም አላስነሳሁም።"

እግሯን በሞቀ ውሃ አጠብሁላት። ተኛች።

መጋቢት 26

ዓርብ። ቱባ ልብሷን እየለበሰች ዛሬ መስጊዱ ውስጥ ለእናቶች እናገራለሁ አለችኝ። ፈቃድ አልጠየቀችም። ሂጂ፣ እኔ ግን አልመጣም አልኋት።

መኪናዋን ስታስነሳ ሰማሁ። ክናሪክን አሰብሁ። እሷን ያላትን ሁሉ አስከፍዬ እኔ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ቀፈፈኝ። በነጠላ ጫማ፣ በጭቃው ላይ ሮጥሁ፤ መታጠፊያው ላይ ደረስሁባት። በሩን ከፈተችልኝ።

ከሁሉም ኋላ፣ ጫማ ከሚቀመጥበት አጠገብ ተቀመጥሁ። ሴቶቹ ብዙ ናቸው፣ የማውቃቸው ይበዛሉ። ቱባ ወረቀት አልያዘችም። ወንድሜ አለች። ስሙን ጠራች። ከዚያ እኔ በዚህ ደብተር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ያልጻፍሁትን ቃል ጠራችው፣ በአማርኛ፣ እንዲገባቸው ብላ። ማን እንደሸጠለት አታውቅም። መቼ መውሰድ እንደጀመረ ታውቃለች። እናቴም ታውቃለች አለች።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ዞረው አዩኝ። ያቺ የሥጋ ቤቷም ሴት መካከላቸው አለች።

አንገቴን አልደፋሁም። ሁሉም አይተው እስኪጨርሱ ድረስ እኔም አየኋቸው።